ሁለት ስንዝር የሆነችው «ኢትዮጵያ»

 

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። አገራችን በቀይ ባሕር ላይ ወደብ በነበራት ዘመን፣ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች። ዛሬ የለችም። እኔና የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ግን ጄን ኤንድ ፊንች ባለው አፓርታማችን፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ከእንጨት እየሠራናት ነው። ስንጀምር መስኮታችን ሥር የሚያልፈው የፊንች ዌስት ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ተጀመረ፤ የኛ መርከብ ግን አሁንም አላለቀችም።

ርዝመቷ ከሁለት ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ስንዝር ማለት መዳፋችሁን ስትዘረጉ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ሜትር በሌለበት ጊዜ አያቶቻችን የሚለኩት በስንዝርና በክንድ ነበር። እስቲ አሁን የተቀመጣችሁበትን ጠረጴዛ በስንዝር ለኩት።

የመርከብ ሞዴል መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳጥን የታሸገ ይገዛል። እንጨቱ ተቆርጦ፣ ክሩ ተጠቅልሎ ይመጣል። በካናዳ ዐሥር ሳንቲም ላይ የምታዩዋት ባለ ሸራዋ ብሉኖዝ በሳጥን ትሸጣለች። «ኢትዮጵያ»ን ግን በሳጥን የሚሸጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ከፕላን ተነሣን። ፕላን የሚለውን ቃል አገር ቤት ቤት የሚያሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግንበኛው ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት «ፕላኑን አሳዩኝ» ይላል።

ልጄ መጀመሪያ ላይ «ጀልባችን» ትላት ነበር። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ አንድ አዛውንት ይኖራሉ፤ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። «ጀልባ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «የኔ ልጅ፣ ጀልባ መርከብ ላይ ይጫናል። መርከብ ጀልባ ላይ ሲጫን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጀልባ የሚል የለም።

አማርኛ ለዚህ ሦስት ጥሩ ቃላት አሉት፦ ታንኳ፣ ጀልባ፣ መርከብ። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ መጀመሪያ ያወቅሁት ታንኳን ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ የጥንት ግብፃውያን ወረቀት የሠሩበት ፓፒረስ ይኸው ነው። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን እያሰረ፣ በዓይኑ እየለካ ይሠራል። ፕላን የለውም፤ ፕላኑ እጁ ላይ ነው። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ሌላ ይሠራል። እንደ «ኢትዮጵያ» ያለ የብረት መርከብ ግን በዓይን ግምት አይሠራም።

እሷም የተወለደችው ሐይቅ ዳር መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ስቴት፣ በሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር በነበረ የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ላይ ወረደች። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ ከአላስካ ወሽመጥ የተወሰደ ስም ነው። ወሽመጥ ማለት ባሕር ወደ የብስ የሚገባበት ቦታ ነው። ሥራዋ የባሕር አውሮፕላኖችን መርዳት ነበር። የባሕር አውሮፕላን ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ነው፤ ሩቅ ቦታ ሲያርፍ ነዳጅ፣ ምግብና መለዋወጫ የሚያመጣለት መርከብ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው በስተኋላዋ ሰፊ ባዶ ወለልና ትልቅ ክሬን ያላት። ትንንሽ ወደቦች ውስጥ እንድትገባ ታስባ ስለተሠራች ውሃ ውስጥ ብዙም አትጠልቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ አገለገለች።

በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1962 መጀመሪያ) ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ስሟም ተለወጠ። በዚያን ጊዜ ባሕር ኃይሉ ገና ልጅ ነበር። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ዋና ጣቢያው ምጽዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ ደግሞ አሥመራ ነበር። «ኢትዮጵያ» ቁጥሯ ኤ 01 ሆኖ የማሠልጠኛ መርከብ ሆነች። ሙሉ ፍጥነቷ ከ18 ኖት ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፊንች መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ኋላ ትቀራለች፤ ነገር ግን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ይዛ ነው።

ፕላኑን ያገኘነው በእህቶቿ በኩል ነው። ከአንድ ፕላን የተሠሩ መርከቦች እህትማማች ይባላሉ፤ የሷ ዓይነት 35 ተሠርተዋል። አንዷ ወደ ኖርዌይ፣ አንዷ ወደ ጣሊያን ሄዳለች። አካላቸው አንድ ስለሆነ የአንዷ ሥዕል ለሌላዋም ይሆናል።

የመርከብ ፕላን ለማያውቀው ሰው ግራ ያጋባል። አንድ ሥዕል አይደለም፤ ሦስት ነው። የመጀመሪያው መርከቧን ከጎን ያሳያል፤ ይህ ቀላል ነው። ሁለቱን ግን ለልጄ ያስረዳኋት በድፎ ዳቦ ነው። ድፎውን እንደ ልማዳችን ከላይ ወደ ታች ብትቆርጡት የእያንዳንዱ ቁራጭ ቅርጽ ይታያል፤ ጫፍ ላይ ትንሽ፣ መሐል ላይ ትልቅ። የመርከቧም የጎድን ሥዕል እንዲሁ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ድፎ አምጡና በአግድም፣ በንብርብር ቁረጡት። በዚህ መንገድ የሚወጡት መስመሮች የውሃ መስመሮች ይባላሉ፤ የሐይቁ ውሃ ቀስ እያለ ከፍ ቢል በመርከቧ ዙሪያ የሚስላቸው መስመሮች ናቸው። ሠሪው ሁሌም የሚስለው የመርከቧን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ እንደ መስታወት አንድ ዓይነት ነውና።

ፕላኑን ያተምነው ዮርክ ዉድስ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ። አታሚው ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ብሎ ያሳንሰዋል። ያንን ምርጫ አጥፉት፤ ከታተመም በኋላ በማስመሪያ ለኩት። ጎኑ በአንድ ወረቀት ስለማይበቃ በሁለት አትመን አጣበቅነው።

ስለ ልኬቱ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እውነተኛዋ መርከብ 311 ጫማ ከ8 ኢንች ነበረች፤ 95 ሜትር መሆኑ ነው። ጫማ እዚህ ላይ እግር ላይ የሚደረገው ሳይሆን የርዝመት መለኪያው ነው። አሜሪካኖቹ በጫማና በኢንች ስለሳሉት እኛም በዚያው ቀጠልን፤ አንዱን ጫማ የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ አደረግነው። ብዙ የካናዳ ማስመሪያዎች ላይ ያቺ ትንሿ ጭረት ናት። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ፣ 12 በ16 ሲባዛ 192፤ ሞዴላችን ከእውነተኛዋ 192 ጊዜ ታንሳለች። ርዝመቷ 49.5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 6.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዚህ ልክ አንድ ቁመተ መካከለኛ ሰው የገብስ ፍሬ ያህል ይሆናል። ልጄ ይህን ስትሰማ ከጓዳ አንድ የገብስ ፍሬ አምጥታ ወረቀቱ ላይ አቆመችና ከመርከቧ ጋር አስተያየቻት። ከቁጥሩ ሁሉ የበለጠ የገባት በገብሷ ነው።

እንጨታችን ባስዉድ ይባላል፤ እዚሁ ኦንታሪዮ የሚበቅል ዛፍ ነው። ለስላሳ ነው፤ በስለት ሲቆረጥ ቶሎ አይሰነጠቅም። እያንዳንዳቸው ሩብ ኢንች ውፍረት ያላቸው ስድስት ሳንቃዎች ወሰድን። ሩብ ኢንች በኛ ልክ አራት ጫማ ነው፤ ስለዚህ ከጎድን ሥዕሉ እየለካን በየአራት ጫማው የውሃ መስመር አወጣን። ቅርጹን ከቁርስ እህል ካርቶን ቆረጥን፤ ካርቶኑን ሳንቃው ላይ አድርገን በእርሳስ ዞርነው፤ ከዚያ በትንሽ መጋዝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መጋዝ አንነካም፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ሕፃን አላቸው። (በአማርኛ ነው የምቆጥረው! በካናዳ ሰዓት 8 ማለቴ ነው።)

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት የመሐል መስመሩ ነው። ሳንቃ ሁሉ ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰመራል። ስድስቱ ሲደራረቡ ስድስቱ መስመሮች አንድ ላይ መግጠም አለባቸው። ይህ ከተጠበቀ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። በኮላ ተጣብቀው በሞርሳ ተይዘው አደሩ። ሞርሳ ነገር ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ ብዙ የእንጨት ቤት ቃላት ከጣሊያንኛ ነው የመጡልን።

ጠዋት ሞርሳው ሲፈታ ያገኘነው መርከብ አይመስልም ነበር። ደረጃ ነው። ልጄ ፊቷን አጨማደደች፤ እኔ ግን ወዲያው የታየኝ በአገር ቤት ተራራ ላይ የሚሠራው እርከን ነው። እርከን ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው በተራራ ጎን ላይ የሚሠራ የአፈርና የድንጋይ ደረጃ ነው። የመርከብ ሠሪው ሥራ የገበሬው ተቃራኒ ነው፤ እርከኑን አፍርሶ ተራራውን ማለስለስ። ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሳንቃዎች የሚገናኙበት የውስጠኛው ጥግ፣ ያ ቀጭን የኮላ መስመር፣ የመርከቧ ትክክለኛ ገጽ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። በመሮ፣ ቀጥሎ በሞረድ፣ መጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ትርፉን እየቀነሱ መሄድ፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ማቆም። ፕላኑ እንጨቱ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው፤ የት እንደምታቆሙ ይነግራችኋል። ልጄ ይህን ሥራ እንድተውላት ጠየቀችኝ፤ ተውኩላት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከፊት ቀጭንና ስል፣ ከመሐል ሰፊ፣ ከኋላ ደግሞ የተሰበሰበ ሆና ወጣች። ጋሼ በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሷት። «ሆዷ ልክ ነው» አሉ።

እስከዚህ ድረስ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ የመጣው ከወለሉ በላይ ስንደርስ ነው። የመርከብ አካል በዕድሜዋ ሁሉ አንድ ነው፤ ከላይ ያለው ግን ይለወጣል። ባንዲራው ይለወጣል፣ ቁጥሩ ይለወጣል፣ መሣሪያው ይለወጣል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ አንድ ቀን መምረጥ አለበት። የትኛውን ቀን ነው የምንሠራው?

ልጄ የመጨረሻውን ቀን አለች። ታሪኩን አንብባለች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ የመን ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ»ም ከነሱ ጋር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1993 ተቆራርጣ እንድትቀልጥ ለብረት ተሸጠች። ኤርትራ ነፃነቷን ያወጀችው በዚያው ዓመት ነው። ልጄ «እውነተኛው ታሪክ እሱ ነው» አለች።

ጋሼ ወዲያው አልመለሱላትም። እሳቸው በዚያ ጉዞ ላይ ነበሩ፤ ይህን ያወቅነው ያን ቀን ነው። «የመን ደርሰን ከሷ ስወርድ ዞሬ አላየሁም። አሁን ደግሞ በዚያ መልኳ ጠረጴዛ ላይ እንዳያት አትፈልጊም አይደል?» አሏት። እሳቸው የመረጡት 1963 ዓ.ም.ን ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው መጀመሪያ የተሳፈሩባትን ቀን። ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ናቸው፤ የልጃቸው ልጅ እስክንድር ደስታ ከባሕር ኃይሉ አዛዦች አንዱ ናቸው፤ በባሕር ኃይል ቀን የውጭ መርከቦች ምጽዋ ይመጣሉ።

ልጄ «ያ ግን ቆንጆው ቀን ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። በአንቱታ መናገር ስለሚያስቸግራት ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ነው የጀመረችው። ሐሳቧ ትክክል ነው። እኔ ግን ለጋሼ ፈረድኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ከሦስታችን ውስጥ እሷ ላይ ተኝቶ የነቃ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለልጄም መጨረሻውን ከሞዴሉ ሥር በሚቀመጠው ሰሌዳ ላይ፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳትዘል፣ በአማርኛ እንድትጽፈው ሰጠኋት። (ስለ ባሕር በር ዛሬ ብዙ ክርክር አለ። ይህ አምድ ግን የሚያወራው ስለ ሳንቃና ኮላ ነው።)

ከዚያ መድፉ መጣ። በፊት ለፊቷ አንድ ትልቅ መድፍ ነበራት፤ አፉ 5 ኢንች፣ የአፈሙዙ ርዝመት የዚያ 38 እጥፍ። 5 በ38 ሲባዛ 190 ኢንች ነው፤ በኛ ልክ አንድ ኢንች ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ስቴኪኒ፣ ማለትም የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲቀጥን ልክ ይሆናል።

በኛው ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ጎረቤት አለችን፤ ልጆቻችን ሁሉ አደይ ነው የሚሏት። በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ያደገችው ምጽዋ ነው። ቡና ልትጠጣ መጥታ መርከቧን አየች፤ ማንም ሳይነግራት አወቀቻት። በልጅነቷ ማታ ማታ መብራቷን ከወደቡ ታይ እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ስቴኪኒውን አየችና፣ «ይኼን ባትሠሩት ምን አለበት?» አለች። ጦርነቱ ወንድሟን ወስዶባታል። ጋሼ ጭንቅላታቸውን አቀረቀሩ።

ልጄ እኔን አየችኝ። መድፉን ብንተወው ማንም አይቀየምም፤ የመርከቧም ቅርጽ ብዙ አይጎድልም። ሆኖም እኔ እንዲኖር ፈለግሁ። መርከቧ የጦር መርከብ ነበረች፤ መድፉን ብናወጣ አደይ ወንድሟን ያጣችበትን ነገር አልነበረም እንደማለት ይሆናል። ይህንኑ ለአደይ በግልጽ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እሺ፣ ይሁን። ግን ወደ ወጥ ቤቱ አታዙሩት» አለች፤ ጋሼም ሳቁ።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። መድፉ ተተክሏል። ክሬኑን ከቀጭን እንጨትና ከስፌት ክር እየሠራነው ነው። የጋሼ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩን የምታስረው ልጄ ናት፤ እሳቸው ቃላቱን ይነግሯታል። መልሕቅ፦ መርከብን ባሕር ወለል ላይ የሚይዝ ከባድ ብረት። መቅዘፊያ፣ ምሰሶ። ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ «መልሕቅ»ን በየትኛው «ሐ» እንደምትጽፍ ስታመነታ እሳቸውም አብረው ያመነታሉ። ቀለም ገና ነው።

ጋሼ ፕላኑ ላይ የሌለ አንድ ነገር እንድንጨምር ጠይቀዋል። ምጽዋ በጣም ሞቃት ስለሆነች፣ ወደብ ሲቆሙ ከኋላ ወለሉ በላይ ለጥላ የሚሆን ነጭ ሸራ ይዘረጉ ነበር። ወረቀት ልንጠቀም አስበን ነበር፤ አደይ ግን «ወረቀት አይሆንም፣ ይሰነጠቃል» ብላ ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቆርጣ ሰጠችን። አምስት ሴንቲ ሜትር በሰባት ነው። ጠርዙን ራሷ እየሰፋችው ነው፤ ለእሑድ ይደርሳል ብላናለች።